ደብሪቱ ያልፈረመችበት ማጨጃ

ደብሪቱን በወሬ ብቻ የሚያውቅ ሰው ግዙፍ ሴት ትመስለዋለች። ሲያያት ያፍራል። ቁመቷ ከመጋዘኔ በር እጀታ እምብዛም አይበልጥም፤ ሚዛን ላይ ብትወጣ ግማሽ ኩንታል ሽንኩርት ይበልጣታል።

ይህች ሴት ናት በ2002 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ አንድ ወረቀት ላይ አልፈርምም ብላ አንድ ሙሉ የችግኝ ጣቢያ ያስጨነቀችው። ከነኃላፊው፣ ከነሠራተኛው፣ ከነእኔ። እኔ አስፋው እባላለሁ፤ ያኔ የጣቢያው ንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ፤ የመጋዘኑ ቁልፍ በእጄ ነበር። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁና እውነቱን ብናገር የሚገመግመኝ የለም።

ደብሪቱ የተወለደችው ቀወት ውስጥ ነው፤ ከሸዋ ሮቢት በእግር የሦስት ሰዓት መንገድ። ገና ልጅ ሳለች ዳሯት። ባልየው እጁ ፈጣን ነበር። አራት ዓመት ቻለችው። አንድ ቀን የማሽላ አጨዳ ላይ ምሳ አረፈደች ብሎ በደቦው ሰው ሁሉ ፊት በጥፊ አጮላት። እሷም ማጭዷን እንደያዘች ቀና አለች። ይህን ስታወራኝ እዚህ ላይ ስትደርስ አቋርጬ፣ "ከዚያስ? ምን አደረግሽው?" ብያት አውቃለሁ። "ኧረ ጋሼ፣ ማጭድ ለሰው አይደለም" አለችኝ። ጀርባዋን ሰጥታው መንገዱን ያዘች። ሮቢት የገባችው በለበሰችው ቀሚስና በማጭዷ ነው።

ከተማው ውስጥ ያልሠራችው የለም። ሽንኩርት ለቀመች፣ ቲማቲም በሣጥን ደረደረች፣ ሆቴል ቤት ዕቃ አጠበች፣ ማታ ማታ መሠረተ ትምህርት ገብታ ስሟን መጻፍ ለመደች። መንግሥት በተለወጠ በዓመቱ ጣቢያችን በጊዜያዊነት ቀጠራት፤ ኋላም ቋሚ ሆነች። ሥራዋ ሣር ማጨድ ነበር። ሮቢትን የማያውቅ ሰው ሣር ማጨድን እንደ ቀላል ነገር ያየዋል። እዚህ ክረምት ሲገባ ሣሩ ሰኞ ታጭዶ ሐሙስ ጉልበት ይደርሳል፤ ከሣሩ ጋር እባቡም ይገባል። በማንጎና በፓፓያ ችግኝ መደብ መካከል ጎንበስ ብሎ አሥራ አምስት ዓመት በማጭድ መኖር ምን እንደሆነ ወገቧን መጠየቅ ነው። ወደ መጨረሻው ላይ ከሥራ ስትነሳ የማንጎውን ግንድ በሁለት እጇ ይዛ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ ቀስ በቀስ ነበር የምትቃናው። እኔ ከመጋዘኔ በር ሆኜ አይቻት ፊቴን አዞር ነበር። ምን ላድርግ? የወገብ መድኃኒት መጋዘን ውስጥ የለም።

በ1999 ዓ.ም. አንድ ፕሮጀክት መጣ። ፕሮጀክት ሲመጣ መኪና ይመጣል፣ ሥልጠና ይመጣል፣ ኮፍያ ይመጣል። ከነዚህ ጋር አንድ የሣር ማጨጃ ሞተር መጣ። ረጅም ዘንግ፣ ጫፉ ላይ የሚሽከረከር የናይለን ክር፣ ወደ ትከሻ በኩል በቤንዚን የሚሠራ ትንሽ ሞተር። ቀበቶውን ትከሻ ላይ አጥልቀህ፣ ገመዱን ስበህ አስነስተህ፣ ቀጥ ብለህ ቆመህ እያወዛወዝክ ሣሩን ታጭዳለህ። መጀመሪያ ለሁለት ወንዶች ተሰጠ። አንዱን ጠጠር ፈንጥሮ ቅልጥሙን መታው፤ ተወው። ሌላው ጆሮዬን ደነቆረኝ ብሎ ተወው። ደብሪቱ መጋዘኑ በር ላይ መጥታ፣ "ጋሼ፣ ለኔ ያውጡልኝ" አለች።

"ይከብድሻል" አልኳት።

"ከወገቤ አይከብድም።"

በሳምንቱ ማሽኑ የሷ ሆነ። የደሴን መንገድ ይዘው የሚያልፉ ባጃጆች አጥራችን ጋ ሲደርሱ ቀስ እያሉ ያዩዋት ነበር። "ሄሊኮፕተር! ሄሊኮፕተር!" ይሏታል። እሷም ሞተሩን ሳታጠፋ፣ "ና ተሳፈር፤ ጣርማ በር ተራራ ላይ እጥልሃለሁ!" ትላለች። ማጭዷን ቤቷ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። ያን ዓመት የማንጎ ግንድ ሳትይዝ ስትሄድ ያየኋት እኔ ነኝ፤ ደስ ብሎኛል፤ ያኔ ግን አልነገርኳትም።

ፕሮጀክቱ ተዘጋ። መኪናውን ወሰዱ፣ ኮፍያው አለቀ፣ ማሽኑ ቀረ። ቤንዚኑን ከዘይት ጋር ቀላቅሎ መስጠት የኔ ሥራ ሆነ። ይህ ዓይነቱ ሞተር ዘይት ለብቻው አይጠጣም፤ ከቤንዚኑ ጋር ተመጥኖ ነው የሚሰጠው። የፕሮጀክቱ ሰዎች ሲሄዱ አንድ የሻይ ብርጭቆ አስረክበውኝ ነበር፤ ለአምስት ሊትር ቤንዚን አንድ ብርጭቆ ዘይት።

2002 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ደብሪቱ መጥታ፣ "ጋሼ፣ ጭሱ በዛ፤ ዓይኔን እያጠፋው ነው" አለችኝ። "የሮቢት ሙቀት ነው፤ አንቺንም ያጨስሻል" ብዬ መለስኳት። ነሐሴ ሲገባ ማሽኑ ታመመ። ገመዱ ሲሳብ ይነሳል፤ ቀስ ብሎ ይሠራል፤ ሣር ውስጥ ገብታ ቤንዚን ስትሰጠው ግን ትንፋሽ ያጥረውና ጭጭ ይላል። ታስነሳዋለች፣ ያው ነው። ሣሩ ደግሞ የማንንም ሕመም አይጠብቅም፤ በአሥር ቀን ውስጥ ከችግኞቹ በላይ ሆነ። ሁለት እባብ ተገደለ።

የጣቢያው ኃላፊ አቶ ፍፁም ይባል ነበር። ከመጀመሪያ ልጄ ያንሳል። በአፌ አንቱ እለዋለሁ፣ በሆዴ አንተ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን አዲስ ነገር ይወዳል፣ ወረቀት ደግሞ ከአዲስ ነገርም በላይ ይወዳል። ከተማ ባጃጅ የሚጠግነውን አብዱረሂምን አስጠራ። አብዱረሂም ካንዴላውን ፈታ፣ አየ፣ መልሶ አሰረ። ገመዱን አምስት ጊዜ ሳበ። "ፒስቶኑ ተበልቷል" አለ። "መለዋወጫው አዲስ አበባም የለም። ወላሂ፣ ብነካካው ጊዜያችሁን ነው የማጠፋው።"

አቶ ፍፁም ሌላ ሰው አልጠየቀም። የንብረት ማስወገጃ ቅጽ አስሞላ። ቅጹ ሦስት ፊርማ ይፈልጋል፤ የኃላፊው፣ የንብረት ክፍሉ፣ የተጠቃሚው። ሦስቱ ካልፈረሙ የተሰበረ መጥረጊያ እንኳ ከመጋዘን አይወጣም። እሱ ፈረመ። እኔም ፈረምኩ፤ ምሳ ሰዓት ደርሶ ስለነበር በደንብ እንኳ አላነበብኩትም። ተጠቃሚዋ ተጠራች።

ደብሪቱ ወረቀቱን ጣቷን እያስኬደች ፊደል በፊደል አነበበችው። እኛ ቆመን ጠበቅናት።

"'ለጥገና የማይመች' ይላል" አለች። "ማን ፈትቶ አየው?"

"ባለሙያ አይቶታል፣ እትዬ ደብሪቱ" አለ አቶ ፍፁም። "አይጨነቁ፤ ይሄ ሲወገድ በሚመጣው በጀት አዲስ እንጠይቃለን። ዘመናዊ ነው የሚመጣው።"

"እስኪመጣ ሣሩ ምን ይሆናል?"

"ለጊዜው በማጭድ..." አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"አዲሱስ ሲመጣ ማን ይይዘዋል?"

እዚህ ላይ አቶ ፍፁም እስክሪብቶውን አቀበላት። አዲሱ የሥራ መደብ ጥናት ወጥቶ ነበር፤ በዚያ ጥናት መሠረት ሞተር የሚይዝ ሰው ከቴክኒክና ሙያ የተመረቀ መሆን አለበት። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች፤ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ወር ሙሉ ተለጥፎ ከርሟል። ማሽኑ ከተጠገነ የድሮ ንብረት ነው፣ የድሮ ሠራተኛ ይይዘዋል። አዲስ ከተገዛ አዲስ ሰው ይመጣል። ለደብሪቱ የሚቀራት ማጭዱ ነው፤ በዚያ ወገብ ደግሞ ማጭድ ማለት ሁለት ወር ሳይሞላ ከሥራ መሰናበት ነው።

እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

"አልፈርምም።"

"እትዬ ደብሪቱ፣ ይሄ እኮ የአሠራር ጉዳይ ነው።"

"ይሁና። እናንተ ሞቷል ብላችሁ ፈርማችኋል። እኔ ሲተነፍስ እየሰማሁት አልፈርምም።"

አቶ ፍፁም ተቆጣ። ዓርብ ከሰዓት ግምገማ አለ፣ እስከዚያ ካልፈረሙ ጉዳዩ ግምገማ ላይ ይቀርባል አላት። "ይቅረብ" ብላ ወጣች። ቀኑ ረቡዕ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት መጋዘኑን ስከፍት በሩ አጠገብ ያለው የኒም ዛፍ ሥር ቆማ አገኘኋት። "ማሽኑን ያውጡልኝ፤ እፈታዋለሁ" አለች። ንብረት ያለ ወረቀት አይወጣም አልኳት። "እንግዲያው እርስዎ አብረውት ይውጡ፤ በር ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቁታል" አለችኝ። ደንቡ ላይ ይህን የሚከለክል ነገር ፈለግሁ፣ አጣሁ። ማዳበሪያ ጆንያ ዘርግታ ማሽኑን አስተኛችው፤ እኔም በርጩማዬን አውጥቼ እንደ ዘበኛ ተቀመጥኩ። ደብረ ሲና ተወልጄ ለዚህ ሙቀት የዳረገኝን ዕጣዬን እየረገምኩ ማለት ነው።

ፍልሰታ ስለሆነ እህል አልቀመሰችም። ካቻቢቴና ፒንሳ ብቻ ነው የሰጠኋት። የፈታችውን ብሎን በቅደም ተከተል ጆንያው ላይ ትደረድራለች። የአየር ማጣሪያውን አወጣች፣ በቤንዚን አጠበች፣ ገጠመች፣ አስነሳች። ጭጭ። የቤንዚኑን ቱቦ ነቅላ ነፋችው፤ ንጹህ ነው። ካንዴላውን አውጥታ ጥቁረቱን በቢላዋ ፋቀች። ጭጭ። ስድስት ሰዓት ሆነ። እውነቱን ልናገር፣ እንድትተወው ፈልጌ ነበር፤ ጀርባዬን ፀሐይ እየበላኝ ነው፣ ፈርሜያለሁ፣ አለቀ።

"ደብሪቱ፣ ተይው በቃ" አልኳት። "ሰውየው ፒስቶኑ ነው ብሏል።"

"ፒስቶኑ ተበልቶ ቢሆን ገመዱ ሲሳብ እጄ ላይ ይቀለኝ ነበር። አይቀለኝም። እንደ ድሮው ነው የሚከብደው።" ላቧን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። "ይነሳል። ቀስ ሲል ይሠራል። ሲሮጥ ነው የሚታፈነው። የሚገባበትን ሁሉ አየሁ። አሁን የሚወጣበትን ልይ።"

ማርሚታውን ፈታችው፤ ጭሱ የሚወጣበትን ቆርቆሮ ማለቴ ነው። አፉ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል የሽቦ ወንፊት ነበረች። ወንፊት አልኩ እንጂ ቀዳዳ አልነበራትም፤ ጥቁር ነገር ግጥም አድርጎ ደፍኗታል። ደብሪቱ በጥፍሯ ጫረችው። አልረገፈም፤ ተለጠፈባት። አሸተተችው። ጣቷን እያሻሸች ቀና ብላ አየችኝ።

"ጋሼ፣ ይሄ ዘይት ነው።"

በርጩማዬን ወደ ጥላው ሳብ አደረግሁ።

"ስንት ብርጭቆ ነው የሚጨምሩት?"

"አንድ" አልኳት።

ዋሸሁ። ሁለት ተኩል ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሮቢት ሻይ ቤት የሚቀመጥ ሾፌር ሁሉ የሚለው አንድ ነው፣ ቆላ ላይ ሞተር ዘይት ይጠማዋል፣ ደጋ በሚጠጣው መጠን ቆላ አይበቃውም። እኔም ደገኛ ነኝ፤ ይህ ሙቀት ሰውን እንዲህ ካደረገ ብረትን ምን ያደርገዋል ብዬ አዘንኩለት። መጀመሪያ ብርጭቆዋን ሞላ አደረግሁ። ከዚያ አንድ ተኩል። ከዚያ ሁለት ተኩል። ለማሽኑ ያሰብኩለት እኔ ብቻ ነኝ ብዬም በሆዴ እመጻደቅ ነበር። ለካስ ስፈውሰው የከረምኩት በመርዝ ነው።

ደብሪቱ ሰኔ ላይ ጭሱ በዛ ያለችኝን አልረሳችም። ከዓይኗ አነበብኩት። ወንፊቷን በፒንሳ ይዛ ሻይ ወደምታፈላልን ወደ ሙሀባ ምድጃ ሄደች።

"ሙሀባ፣ እሳትሽን አውሽኝ።"

"ምን ልትጠብሺ ነው በጾም?" አለች ሙሀባ።

"የሰው ኃጢአት" አለች ደብሪቱ። ሙሀባ ሳቀች፤ እኔ አልሳቅሁም።

ወንፊቷ ከሰሉ ላይ ቀላች። ጥቁሩ ነገር ጨሶ ጨሶ አመድ ሆነ። ድንጋይ ላይ ስታራግፋት ሰማይ በቀዳዳዎቹ ታየ። መልሳ ገጠመቻት። ከዚያ እኔ የቀላቀልኩት ቤንዚን ያለበትን ጄሪካን አነሳች፣ አየችው፣ አስቀመጠችው።

"ከዚህ አልሞላም። አዲስ ቤንዚን ያውጡልኝ። ዘይቱን ዛሬ እኔ ነኝ የምመጥነው።"

"መቀላቀል የንብረት ክፍል ሥራ ነው" አልኳት። ምን ዓይነት ሰው ነኝ? በዚያች ሰዓት እንኳ ይህን አልኩ።

"ያውጡልኝ፣ ጋሼ አስፋው" አለች። አወጣሁላት። አንድ ብርጭቆ ለክታ፣ ጫፉን በጣቷ ጠርጋ፣ ጨመረች። ገመዱን ሳበች። ተነሳ። ቤንዚን ሰጠችው። ጮኸ! ከመጋዘኑ ጀርባ ያለው ወገብ የሚደርስ ሣር ውስጥ ገብታ አንድ መስመር ወስዳ ተመለሰች። ፊቷ ላይ የሣር ፍንጣሪ ተለጥፎ፣ ጥርሷ ብቻ ይታይ ነበር።

እዚህ ላይ ነገሩ ያበቃ ነበር፣ የኛ ጣቢያ ባይሆን። አቶ ፍፁም ማሽኑ መሥራቱን ሲሰማ ደስ አላለው፤ ቅጹ ላይ ፈርሟል፣ አዲስ እንዲገዛ ጥያቄ ልኳል። የሠራ ማሽን ሪፖርቱን አበላሸበት። ዓርብ ከሰዓት ቆርቆሮ ጣራው አዳራሽ ውስጥ ተሰበሰብን። መጀመሪያ እንደ ወጉ ግለ ሂስ ነበር። በኛ ግምገማ ግለ ሂስ ማለት ሁሉም ሰው "አንዳንድ ጊዜ አረፍዳለሁ" ብሎ የሚቀመጥበት ነው። እኔም ለስምንተኛ ዓመት "አንዳንድ ጊዜ አረፍዳለሁ" ብዬ ተቀመጥኩ። አርፍጄ አላውቅም።

ከዚያ የደብሪቱ ጉዳይ ቀረበ። አቶ ፍፁም ወረቀት አወጣ። "ማሽኑ ተጠግኗል ተብሏል፤ ጥሩ። ነገር ግን የተበላሸው በአያያዝ ጉድለት መሆኑ ተረጋግጧል። ያለ ሥልጠና ፈትተዋል፤ የተወሰነውን አልቀበልም ብለዋል፤ ይህ የአመለካከት ችግር ነው። ስለዚህ ጉድለቱን አምነው ይፈርሙና ማሽኑ ሌላ ሰው እስኪመደብ መጋዘን ይግባ።"

ደብሪቱ ከኋላ ወንበር ተነሳች። አሁን ስሜን ትጠራለች አልኩ። ብትጠራ መብቷ ነው፤ ወንፊቷ ምስክር ናት።

"በማጭድ አሥራ አምስት ዓመት ሠርቻለሁ" አለች። "ያኔ ወገቤ ሲበላሽ የአያያዝ ጉድለት ነው ብሎ የፈረመ ሰው አላየሁም። አሁን ማሽን ታመመ፣ አዳንኩት። ለማዳኔ አልፈርምም። ወደ ማጭዱም አልመለስም።"

"እርስዎ ካላበላሹት ማን አበላሸው?" አለ አቶ ፍፁም።

ወደ እኔ አልዞረችም። አንዴም አላየችኝም።

"ያን መፈለግ የኔ ሥራ አይደለም። የኔ ሥራ ሣር ማጨድ ነው፤ ሣሩም ውጭ ነው ያለው" አለችና ወጣች።

አቶ ፍፁም ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። ገና፣ "እንግዲህ ጓዶች..." ሲል ከመስኮቱ ሥር ሞተሩ ተነሳ። ጣራው ቆርቆሮ ነው፤ ድምፁ ወደ ውስጥ ገብቶ እጥፍ ሆነ። መስኮቱ ነዘረ። አቶ ፍፁም ይናገራል፣ ከንፈሩ ብቻ ይታያል። አንዱ ሊዘጋው ወደ መስኮቱ ሄደ፤ የሣር ፍንጣሪ ተቀበለው። እሷ በመስኮቱ ፊት ቀጥ ብላ ቆማ፣ ቀበቶውን ትከሻዋ ላይ አጥልቃ፣ ከግራ ወደ ቀኝ እያወዛወዘች ታልፋለች፣ ትመለሳለች። ሆን ብላ መሆኑን ሕፃን ያውቃል። እንዲህ ያለ ግምገማ አይቼ አላውቅም።

እኔም ተነሳሁ። "እኔ ነኝ!" አልኩ። ማንም አልሰማኝም። "ዘይቱን ያበዛሁት እኔ ነኝ! ሁለት ብርጭቆ ተኩል!" ብዬ ጮህኩ። አጠገቤ ያለው ሰው ጆሮውን አስጠግቶ "ምን?" አለኝ። በስምንት ዓመት ውስጥ አንድ እውነተኛ ግለ ሂስ ባደርግ የሚሰማኝ ጠፋ። መቀመጥ እችል ነበር። "ሞከርኩ፣ አልተሰማሁም" ብዬ ዕድሜ ልኬን ራሴን ማጽናናት እችል ነበር። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ጡረታዬ ደርሷል፣ ስሜ ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ የለም።

በወንበሮቹ መካከል አልፌ ጠረጴዛው ጋ ደረስኩ። ወረቀቱን ከአቶ ፍፁም ፊት ሳብኩት። "ወይዘሮ ደብሪቱ" የሚለውን በመስመር ሰረዝኩት። ከላዩ፣ "ዘይት አብዝቼ ማሽኑን ያበላሸሁት እኔ አስፋው ነኝ። ደብሪቱ የለችበትም" ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። አሁን ግን አንብቤ ነው የፈረምኩት።

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ በሕይወቴ የመጀመሪያው ነው። የማስወገጃው ቅጽ አንድ ፊርማ ጎድሎት ፋይል ውስጥ ቀረ፤ አዲስ ማሽን አልተገዛም፤ የተመረቀ ሰውም አልመጣም። ሰኞ ጠዋት ደብሪቱ ቤንዚን ልትወስድ መጋዘን መጣች። ስለ ግምገማው አላነሳችም፣ እኔም አላነሳሁም። ቤንዚኑን ለካሁላት። ዘይቱን ላነሳ ስል እጇን ዘረጋች።

"ብርጭቆዋን ይስጡኝ፣ ጋሼ።"

ሰጠኋት። ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረቻት።

ከዚያ በኋላ ማሽኑ አራት ክረምት አጨደ። እኔ በሁለተኛው ክረምት ጡረታ ስወጣ ዕቃውን ለሚተካኝ ልጅ አስረከብኩ፤ እያንዳንዷን አካፋ ቆጠረ። መጨረሻ ላይ፣ "ጋሼ፣ አንድ የሻይ ብርጭቆ ጎድሏል፤ የት ገባ?" አለኝ። ከመስኮቱ ውጭ ሞተሩ እየጮኸ ነበር። ወረቀቱን ሳብኩና በጎደለው ብርጭቆ ላይ በስሜ ፈረምኩ።